የነገሡ ሴቶችን ታሪክ ማን ጻፈው?

የአዳማ ኢንዱስትሪ ፓርክ በመስከረም 2011 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህ ብዙዎቻችን ከቻይና ጋር የተዋወቅነው በሥራ በኩል ነው። ፓርኩን የገነባው የቻይና ተቋራጭ ነው፤ በ2009 ዓ.ም. የተመረቀውን የአዲስ አበባ–ጅቡቲ ባቡር የሠሩትም የቻይና ኩባንያዎች ናቸው። ስለ ጨርቁ፣ ስለ ማሽኑና ስለ ሰዓቱ ተምረናል። ስለ ሴቶቻቸው ታሪክ ግን የምናውቀው ጥቂት ነው። የአንዷ ታሪክ ከእኛው ሀገር ተረት ጋር ስለሚገናኝ እዚህ እናነሣዋለን።

ዉ ዜቲየን እ.ኤ.አ. በ624 ተወለደች። በ14 ዓመቷ ገደማ ቁባት ሆና ወደ ታንግ ነገሥታት ቤተ መንግሥት ገባች። በ655 የንጉሡ ሚስት ሆና ንግሥት ተባለች፤ በ690 ደግሞ በራሷ ስም ነገሠች። በቻይና ረጅም ታሪክ በገዛ ስሟ ንጉሠ ነገሥት የሆነች እርሷ ብቻ ናት። በ705 ከዙፋን አወረዷት፤ በዚያው ዓመት ሞተች። ታሪኳን የጻፉት ከእርሷ በኋላ የመጡ ሹማምንት ናቸው። ተቀናቃኟን ለመወንጀል ስትል የገዛ ሕፃን ልጇን አንቃ ገደለች ብለው ጽፈዋል። የዛሬ ተመራማሪዎች ብዙዎቹ ይህን ይጠራጠራሉ።

ትውልዳቸው ቻይና የሆነና በካናዳ የሚኖሩት ደራሲ ሺራን ጄይ ጃኦ ይህችን ንግሥት እ.ኤ.አ. በ2021 ወደ ሳይንሳዊ ልብ ወለድ አመጧት። የመጽሐፉ ስም በአማርኛ «የብረት መበለት» ሊባል ይችላል። በታሪኩ ውስጥ ግዙፍ የጦር ማሽኖችን የሚነዱት ወንድና ሴት ተጣምረው ነው። ዝናው የወንዱ ነው፤ ሴቲቱ ኃይሏን ማሽኑ ይመጥጠዋል፣ ብዙ ጊዜም ትሞታለች። ዜቲየን የእኅቷን ደም ለመመለስ ፈቅዳ ትገባለች፤ በዚህ ጊዜ የሚሞተው ወንዱ ይሆናል። ቀኑን ሙሉ ማሽን ላይ የምትውል ሴት የዚህን ታሪክ ቁጣ ለመረዳት አስተርጓሚ አያስፈልጋትም።

አሁን ወደ አገራችን እንምጣ። በአርሲ፣ በጉጂና በቦረና ኦሮሞ ዘንድ አኮ ማኖዬ ስለተባለች ንግሥት ይተረታል። ጨካኝ ነበረች፣ የማይቻል ነገር ታዝዝ ነበር ይባላል፤ በሰማይና በምድር መካከል ቤት ሥሩልኝ እስከማለት ደርሳለች። በመጨረሻም ወንዶቹ ጉድጓድ ቆፍረው፣ አፉን ሸፍነው፣ በላዩ እንድትቀመጥ ጋበዟት፤ ገብታ ቀረች። ተረቱ የሚነገረው «ሴት ብትገዛ እንዲህ ይሆናል» ለማለት ነው። በሰሜንም አክሱምን አጠፋች የምትባለው ንግሥት ለትውልድ የተላለፈችው «ጉዲት» በሚል የስድብ ስም ነው። ሦስቱም የሚተረኩት ከእነርሱ በኋላ በመጡ ሰዎች አፍ ነው። ሦስቱም ቅዱሳን ነበሩ እያልን አይደለም። የምንለው፣ የተከሳሽ ቃል ሳይሰማ ፍርዱ ብቻ ወደ እኛ ደርሷል ነው።

ልብ ወለድ ይህን ጎደሎ ሊሞላ ይሞክራል። ትውልደ ኢትዮጵያዊቷ ደራሲ መዓዛ መንግሥቴ እ.ኤ.አ. በ2019 ባሳተሙት «ጥላው ንጉሥ» ልንለው በምንችለው መጽሐፍ፣ በጣሊያን ወረራ ጊዜ መሣሪያ ያነሡ ሴቶችን ወደ ፊት አምጥተዋል። መጽሐፉ በ2020 ለቡከር ሽልማት የመጨረሻ ዕጩዎች ውስጥ ገብቷል። ደራሲዋ የገዛ ቅድመ አያታቸው የአባቷን ጠመንጃ በሙግት ወስዳ እንደዘመተች የሰሙት ካደጉ በኋላ ነው። በቤተሰብ ውስጥ ያለ ታሪክ እንኳ ካልተጠየቀ አይነገርም ማለት ነው።

ከአኮ ማኖዬ ተረት አጠገብ ግን ሌላ ቅርስ አለን፤ እርሱም ሲንቄ ነው። እናት ለምትዳር ልጇ የምትሰጣት ይህች ቀጭን በትር የክብሯ ምልክት ናት። ሴት ስትበደል ጥሪ ታሰማለች፤ ጎረቤቶቿ ሥራቸውን ጥለው፣ ሲንቄያቸውን ይዘው ይወጣሉ። ሽማግሌዎች መጥተው፣ በዳዩ ጥፋቱን አምኖ እስኪክስ ድረስ ወደ ቤታቸው አይመለሱም። ንግሥቲቱ ብቻዋን ጉድጓድ ውስጥ ገባች፤ ሲንቄ የያዙትን ግን ብቻቸውን የሚያገኛቸው የለም። እኛም በማኅበር የተሰባሰብነው ይህን ስለምናውቅ ነው።

ስለዚህ አባላት ሆይ፣ ለበዓል አገር ቤት ስትሄዱ እናቶቻችሁንና አያቶቻችሁን ጠይቁ። አኮ ማኖዬን እነርሱ እንዴት ይተርኳታል? ሲንቄ ይዘው የወጡት መቼ ነበር? ምን አስገኙ? በአማርኛም በአፋን ኦሮሞም ጻፉልን፤ መጻፍ የማትችል ትንገረን፣ እኛ እንጽፋለን። ደጋፊዎቻችንም ለወረቀትና ለኅትመት የምታዋጡት ገንዘብ የሚውለው ለዚሁ ነው። ነገ ከልጆቻችን አንዷ አኮ ማኖዬን በብረት ማሽን ላይ አስቀምጣ ልብ ወለድ መጻፍ ብትፈልግ፣ የምትነሣበት የሴቶች ቃል በእጇ ሊኖር ይገባል።