ሳይሸነፉ፣ ሳይጋበዙ

መቼም እዚህ አገር «የአሜሪካ ፉትቦል» ሲባል ለብዙዎቻችን ትዝ የሚለን በፊልም ያየነው ግርግር ነው። ሄልሜት ያጠለቁ፣ ትከሻቸው እንደ በር የሰፋ ጎረምሶች በአንዲት ሞላላ ኳስ ላይ ይደራረባሉ፤ ፊሽካ ይነፋል፣ ይነሳሉ፣ እንደገና ይደራረባሉ። ከመካከላችን ሕጉን በቅጡ የሚያውቅ ጥቂት ነው። ደግነቱ ዛሬ የምናወጋችሁ ታሪክ የጨዋታውን ሕግ ማወቅ አይጠይቅም። የሚጠይቀው ሌላ ሕግ ማስታወስ ነው፤ በአሜሪካ ደቡባዊ ግዛቶች ጥቁሩን ከነጩ በትምህርት ቤት፣ በአውቶቡስ፣ በምግብ ቤትና በስታዲየም ይለይ የነበረውን።

ዘመኑ እ.ኤ.አ. 1951 ነው። ቡድኑ የሳን ፍራንሲስኮ ዩኒቨርሲቲ ሲሆን «ዶንስ» እያሉ ይጠሩታል። ዩኒቨርሲቲው የካቶሊክ ኢየሱሳውያን ማኅበር ያቋቋመው፣ በተማሪ ብዛትም በገንዘብም ከትልልቆቹ ጋር የማይወዳደር ተቋም ነበር። ፉትቦሉ ከሚያስገባው የሚያስወጣው በልጦ አስተዳደሩን ያስጨንቅ ጀምሯል። አሰልጣኙ ጆ ኩሃሪክ የሚባል ኮስታራ ሰው ነው። የቡድኑን ወሬ ለጋዜጦች የሚያደርሰው ደግሞ ፒት ሮዜል የሚባል ወጣት ነበር፤ ይህን ስም ያዙልን።

ዶንሶች በዚያ ዓመት ዘጠኝ ጊዜ ተጫውተው ዘጠኙንም አሸነፉ። ሳን ሆዜ ስቴትን ሁለት ጊዜ ገጥመው በመጀመሪያው 39 ለ 2፣ በሁለተኛው 42 ለ 7 ረቱት። እስከ ኒው ዮርክ ተጉዘው ፎርድሃምን 32 ለ 26 ሲያሸንፉ፣ ኦሊ ማትሰን በመክፈቻ ምት የተላከችለትን ኳስ ይዞ ሜዳውን ከጫፍ እስከ ጫፍ ሁለት ጊዜ ቀደደው። ማትሰን በዚያ የውድድር ዘመን 1,566 ያርድ ሮጦ ከአገሪቱ ኮሌጆች ሁሉ አንደኛ ወጣ፤ 21 ታችዳውንም አስቆጠረ። በመከላከሉ በኩል በርል ቶለር ነበረ። ሁለቱም ጥቁሮች ናቸው፤ ሁለቱም የደቡብ ልጆች። ማትሰን የተወለደው በቴክሳስ፣ ቶለር በሜምፊስ ነው። ሁለቱም በሳን ፍራንሲስኮ ሲቲ ኮሌጅ አብረው ተጫውተው ነው ወደ ዶንስ የመጡት።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ማስረዳት አለብን። በዚያ ዘመን የኮሌጅ ፉትቦል ዋና ድግስ በአዲስ ዓመት ሰሞን የሚደረጉት «ቦውል» የሚባሉት ጨዋታዎች ነበሩ። በአብዛኞቹ የሚገባው በነጥብ ሳይሆን በጥሪ ነው። አዘጋጆቹ ይመርጣሉ፣ ይጋብዛሉ፣ ገንዘቡንም ያከፋፍላሉ። ኦሬንጅ ቦውል በማያሚ፣ ሹገር ቦውል በኒው ኦርሊንስ፣ ጌተር ቦውል በጃክሰንቪል ይካሄዳሉ። የሦስቱም ከተሞች አድራሻ ያው ደቡብ ነው።

ተጫዋቾቹ ከዚያ ወዲህ ለዓመታት ደጋግመው እንደተናገሩት፣ የደረሳቸው መልእክት አጭር ነበር። ሁለቱን ጥቁሮች ቤት ትታችሁ ከመጣችሁ ጥሪው አለ። ሌሎቹ ነጮቹ ልጆች መልሳቸው ከመልእክቱም ያጠረ ሆነ፤ አንሄድም አሉ። ለረጅም ስብሰባ የሚሆን ነገር አልነበረውም። ጂኖ ማርኬቲን የመሰሉት ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት የተመለሱ ወታደሮች ነበሩ፤ የቡድን ጓደኛን ጥሎ መሄድ ምን ማለት እንደሆነ የሚነግራቸው አያስፈልግም።

«ጥሪ ያጡት ደካማ ቡድኖችን ስለገጠሙ ነው» የሚል ክርክር ያኔም ነበር፣ አሁንም አልፎ አልፎ ይሰማል። እውነት አለው። ከገጠሟቸው መካከል የባሕር ኃይልና የማሪን ጦር ሰፈር ቡድኖች ነበሩበት፤ በአሶሼትድ ፕሬስ የደረጃ ሰንጠረዥም የጨረሱት 14ኛ ሆነው ነው። እኛን ግን አያሳምነንም። ከዚያ ቡድን ዘጠኝ ልጆች በኤን ኤፍ ኤል ክለቦች ተመረጡ። ሦስቱ፣ ማለትም ማትሰን፣ ማርኬቲና ቦብ ሴንት ክሌር፣ በፕሮፌሽናል ፉትቦል የዝና አዳራሽ ገቡ። ከአንድ የኮሌጅ ቡድን ሦስት! ደካማ ቡድን እንዲህ አይወልድም።

በነገራችን ላይ ይሄ ሴንት ክሌር ቁመቱ ሁለት ሜትር ከምናምን የሆነ፣ ጥሬ ሥጋ በመብላቱ የታወቀ ሰው ነው። አሜሪካኖቹ እንደ ጉድ ያወሩለት ነበር። የእኛን ሥጋ ቤት ቢያገኝ ኖሮ ሚጥሚጣና አዋዜ አቅርበን እንቀበለው እንደነበር ለመናገር እንወዳለን።

ወደ ቁም ነገሩ እንመለስ። ሂሳቡ ውድ ነበር። የቦውል ገቢ የፉትቦሉን ዕዳ ሊያቃልል የሚችል ብቸኛ ተስፋ ነበረ። እሱ ሲቀር ዩኒቨርሲቲው የመጨረሻው ጨዋታ ካለቀ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ፉትቦሉን አቆመ። ያልተሸነፈ ቡድን ተበተነ። በአዲሱ ዓመት ኦሬንጅ ቦውልን ጆርጂያ ቴክ፣ ሹገር ቦውልን ሜሪላንድ አሸነፉ። ሹገር ቦውል የመጀመሪያውን ጥቁር ተጫዋች ያየው በ1956 ነው፤ የፒትስበርጉን ቦቢ ግሪየርን። ያኔም የጆርጂያ ገዥ ጨዋታው እንዲቀር ያልፈነቀሉት ድንጋይ የለም።

ልጆቹስ? ማትሰን በ1952 ሄልሲንኪ ኦሊምፒክ ላይ ሮጦ በ400 ሜትር ነሐስ፣ በ4 በ400 ዱላ ቅብብል ብር አገኘ። የእኛ ሰንደቅ ዓላማ ኦሊምፒክ ላይ ለመውለብለብ ገና አራት ዓመት ይቀረው ነበር። በ1959 የሎስ አንጀለስ ራምስ ማትሰንን ለማግኘት ዘጠኝ ተጫዋቾች ለወጡበት። ለውጡን የፈጸመው የራምስ ሥራ አስኪያጅ ስሙን ያዙልን ያልናችሁ ፒት ሮዜል ነው፤ በዓመቱ የኤን ኤፍ ኤል ኮሚሽነር ሆነ።

ቶለር ግን በ1952 በኮሌጆች ምርጥ ቡድን ጨዋታ ላይ ጉልበቱን ተጎድቶ የፕሮፌሽናል ተጫዋችነት ሕልሙ እዚያው ቀረ። መምህር፣ ቀጥሎም በሳን ፍራንሲስኮ የትምህርት ቤት ርዕሰ መምህር ሆነ። በ1965 ኤን ኤፍ ኤል ዳኛ አድርጎ ሲቀጥረው የሊጉ የመጀመሪያው ጥቁር ዳኛ እሱ ነበር። ጥር 1980 ሱፐር ቦውልን ከዳኙት አንዱ ሆኖ ወደ ሜዳ ገባ። ጨዋታው የተደረገው ፓሳዲና በሚገኘው ሮዝ ቦውል ስታዲየም ነው። ዶንሶች ኅዳር 1951 ሎዮላን 20 ለ 2 አሸንፈው የመጨረሻ ጨዋታቸውን የጨረሱትም እዚያው ሜዳ ላይ ነበር።