ስለ ብረት ዝገትና ስለ ማዳበሪያ

በድሬዳዋ በሰፈራችን በሳቢያን የጣራው ቆርቆሮ ሲዝግ አይቶ ያላዘነ የቤት ባለቤት የለም። ነገር ግን ብረት ከኦክሲጅን ጋራ የተዋሐደበት ነገር ሁሉ ጥፋት አለመሆኑን ከታሪክ እንረዳለን።

በ1909 እ.ኤ.አ. ፍሪትዝ ሃበር ናይትሮጅንን ከሃይድሮጅን ጋራ አዋሕዶ አሞንያ አወጣ። ዳሩ ግን የተጠቀመበት ኦስሚየም እጅግ ብርቅ ነበረ። አልዊን ሚታሽ ብዙ ሺህ ሙከራ ካደረገ በኋላ፥ ከስዊድን የመጣውን ማግኔታይት፥ ማለት የዝገት ዘመድ የሆነውን የብረት ኦክሳይድ መረጠ። በ1913 የኦፓው ፋብሪካ ሥራ ጀመረ።

ምሥጢሩ በገጹ ላይ ነው። ሃይድሮጅን ኦክሲጅኑን ሲያወጣው ብረቱ ጥቃቅን ቀዳዳ ይሞላል፤ የተቀላቀለው አሉሚኒየም ኦክሳይድም ቀዳዳዎቹ እንዳይደፈኑ ይደግፋል። ጠንካራው ናይትሮጅን በብረቱ ገጽ ላይ ይሰነጠቃል፤ ፍጥነቱም እንደ አተሞቹ አደራደር ይለያያል። ይህን የመሰለውን የገጽ ሥራ ደረጃ በደረጃ የመረመረው ጌርሃርድ ኤርትል በ2007 የኖቤል ሽልማት ተቀበለ።

የጂቡቲ ባቡር በ1902 ድሬዳዋ ከደረሰ ወዲህ ከተማችን የውጭ ዕቃ ስታሳልፍ ኖራለች፤ የገበሬያችን ማዳበሪያም በጂቡቲ ወደብ ይገባል። በ2025 በጎዴ የዩሪያ ፋብሪካ ለማቋቋም ስምምነት ተፈርሟል። እንግዲህ ፋብሪካው ሲቆም መኪናውን የሚያንቀሳቅስ ብቻ ሳይሆን፥ የብረቱን ገጽ ጠባይ የሚያውቅ የአገር ልጅ ያሻል። ይህም የእኛ የተማሪዎች ዕዳ ነው።