ዲስካችሁ ላይ ያለው አጥር ከየት መጣ?

ላፕቶፓችሁ ላይ ሊኑክስ ልትጭኑ ተቀምጣችኋል እንበል። ቋንቋና ሰዓት ከመረጣችሁ በኋላ አንድ ከበድ ያለ ጥያቄ ይመጣል፦ ዲስኩ እንዴት ይከፋፈል? ፓርቲሽን የሚባለው ይኸው ነው፤ አንድ ዲስክ በአጥር ተለይቶ እንደ ብዙ ዲስክ ይቆጠራል። አጥሩን የት እንደምታጥሩ ለመወሰን ግን፣ የድሮዎቹ ሰዎች ለምን እንዳጠሩ ማወቅ ይጠቅማል።

ታሪኩ አሜሪካ፣ ቤል ላብስ ውስጥ ይጀምራል። በ1971 እ.ኤ.አ. ኬን ቶምፕሰንና ዴኒስ ሪቺ ዩኒክስን የሚያሠሩበት ፒዲፒ-11 ኮምፒውተር ሜሞሪው 24 ኪሎባይት፣ ዲስኩ 512 ኪሎባይት ነበር። በ1974 የተሻለ ማሽን ሲኖራቸው እንኳ፣ ከዲስኮቻቸው አብዛኞቹ እያንዳንዳቸው የሚይዙት 2.5 ሜጋባይት ነው። ዛሬ በስልክ የምታነሱት አንድ ጥሩ ፎቶ ብቻውን ይሞላዋል!

ታዲያ ሁሉም ነገር አንድ ዲስክ ላይ አይገባም። ሲስተሙ የሚነሳበት ዲስክ ለብቻ፣ የተጠቃሚዎች ፋይል ለብቻ ሆነ። የተጠቃሚዎቹ ቦታ «ዩኤስአር» ተባለ፤ ዩዘር የሚለው ቃል ሲያጥር ማለት ነው። ፕሮግራሞች እየበዙ ሲሄዱ የመጀመሪያው ዲስክ ጠበበና የተረፉት ወደ ዩኤስአር ተሻገሩ። «ቢን» የሚባለው የፕሮግራሞች ፎልደር ሁለት ቦታ የተገኘው በዚህ ምክንያት ነው። በ1979 የወጣው የሰባተኛው ዩኒክስ መመሪያም ሁለተኛው ቢን የተሠራው የመጀመሪያው እንዳይተልቅ መሆኑን ይናገራል። የሚገርመው፣ ቆይቶ እንግዳው ባለቤቱን አስወጣ፦ ዩኤስአር የፕሮግራሞች ቤት ሆኖ ቀረ፣ የተጠቃሚዎች ፋይል ደግሞ «ሆም» ወደሚባል ሌላ ፎልደር ሄደ።

ከዚያስ? ዲስኮች በሺህ እጥፍ አደጉ፣ አጥሩ ግን ባለበት ቆመ። ፌዶራ ሊኑክስ ሁለቱን ቢኖች አንድ ያደረገው በ2012 በወጣው 17ኛ እትሙ ነው። ምክንያቱ የሞተ አጥር ለ40 ዓመት ያህል ኖረ ማለት ነው።

ሁሉም አጥር ግን እንዲህ አይደለም። «ቫር» የሚባለው ፎልደር ሲስተሙ የውሎ መዝገቡን የሚጽፍበት ነው። አንድ የተበላሸ ፕሮግራም ያለማቋረጥ ስህተት እየጻፈ ሊሞላው ይችላል። ሰርቨር ላይ ቫር ለብቻው ከታጠረ፣ የሚሞላው እሱ ብቻ ነው፤ የቀረው ዲስክ ይተርፋል።

ለእናንተ ላፕቶፕ ደግሞ ዋናው አጥር ሆም ነው። ለብቻው ካደረጋችሁት፣ ሲስተሙ ቢበላሽ ወይም መቀየር ብትፈልጉ የሲስተሙን ክፍል ብቻ አጥፍታችሁ እንደገና ትጭናላችሁ፤ የጥናት ጽሑፋችሁና ፎቷችሁ ባሉበት ይቆያሉ። ስትጭኑ ግን ሆም ላይ «ፎርማት» የሚለው አለመመረጡን ሁለቴ እዩ።

አጥር ዋጋም አለው፦ አንዱ ክፍል ሞልቶ ሌላው ባዶ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ለሲስተሙ ከ40 እስከ 60 ጊጋባይት፣ ለማስነሻው ትንሽ ክፍል፣ የቀረውን ለሆም ብትሰጡ ለአብዛኛው ሰው ይበቃል። ቫርንና ዩኤስአርን መለየት አያስፈልጋችሁም።

አንድ ነገር ግን እንዳትሳሳቱ። አጥሩ ያለው በአንድ ዲስክ ላይ ነው። ዲስኩ ራሱ ከሞተ ሆምም ሲስተሙም አብረው ይሄዳሉ። የማይተካ ፋይል ካላችሁ፣ ከመጫናችሁ በፊት ሌላ ዲስክ ላይ ገልብጡት።