መስኮት ያላት ነፋሪት

ከአጥር የተፈታ ሽቦ መጀመሪያ መቃናት አለበት። ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ተጋድሞ በሌላ ድንጋይ ቀስ እየተባለ ይመታል፤ ከመጠን በላይ ከተመታ ይሳሳና ሲታጠፍ ይሰበራል። ቀጥሎ ፒንሳ ያለው ልጅ ይፈለጋል። በእኛ ሰፈር፣ በመቀሌ ቀዳማይ ወያነ፣ ፒንሳ የነበረው አንድ ልጅ ብቻ ነው፤ አባቱ ጋራዥ ይሠሩ ነበር። ሻንሲው ይታጠፋል፣ ካቢናው ይቆማል፣ ስፖንዳው በቀጭን ሽቦ ይጠለፋል። ጎማው ካረጀ ኮንጎ ጫማ ሶል ይቆረጥና በብርጭቆ ስባሪ ተከርክሞ ክብ ይሆናል። መሪው ረጅም ነው፤ ከኋላ ሆኖ የሚነዳው ልጅ ደረት ድረስ ይደርሳል።

የእኔ የመጀመሪያ ሥራ ኤንትሬ ነበረች፣ የፊያት 682 የጭነት መኪና። ኤንትሬን ኤንትሬ የሚያሰኛት ከፊቷ እንደ ጢም ግራና ቀኝ የተዘረጋው ጌጥ ነው። ያንን ጢም ከተቃጠለ ዳይናሞ ከወጣ የመዳብ ሽቦ ሠራሁት። መንገድ ዳር ቆሜ እውነተኛዋን ኤንትሬ አይቼ ተመለስኩ፤ የእኔ ጢም በጣም ወደ ላይ ወጥቷል። አፍርሼ እንደገና ሠራሁት።

«ሞዴል» የሚለውን ቃል ያኔ አናውቀውም። ሥራው ግን ያው ነበር፤ ትልቁን ነገር አጥንቶ፣ ከአካሉ የትኛው መቅረት እንደሌለበት መርጦ፣ ልኩን ጠብቆ በትንሹ መሥራት። በዓለም ዙሪያ ሚሊዮኖች በፕላስቲክ ክፍሎችና በማጣበቂያ የሚያደርጉትን እኛ በሽቦና በጫማ ሶል እናደርገው ነበር። ሁለቱን ታሪኮች ጎን ለጎን ማንበብ የሚገባ ይመስለኛል። በተለይ በመቀሌ፣ አውሮፕላንን በመዳፍ ይዞ ማገላበጥ ከጨዋታ የበለጠ ትርጉም አለውና።

የማትበረው ወፍ

ከፕላስቲክ የተሠራ ተገጣጣሚ ሞዴል ለመጀመሪያ ጊዜ ለገበያ የቀረበው እ.ኤ.አ. በ1936 በእንግሊዝ ነው። ፍሮግ የተባለው ኩባንያ ቀደም ሲል የሚበሩ መጫወቻ አውሮፕላኖችን ይሠራ ነበር። አዲሶቹ የፕላስቲክ ሞዴሎች ግን ለመታየት እንጂ ለመብረር ስላልተሠሩ «ፔንጉዊን» ብሎ ጠራቸው፤ ክንፍ ኖሯት በማትበረው ወፍ ስም። ልኬታቸው 1/72 ነበር። በእንግሊዞች መስፈሪያ አንድ ኢንች ስድስት ጫማን ይወክላል ማለት ነው፤ ስድስት ጫማ ደግሞ የአንድ ረጅም ሰው ቁመት ነው። በዚህ ልኬት ሰው ከአውራ ጣት ጫፍ አይበልጥም።

ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲመጣ ሞዴል ሌላ ሥራ ተሰጠው። እ.ኤ.አ. በ1942 የአሜሪካ ባሕር ኃይል የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ግማሽ ሚሊዮን የእንጨት አውሮፕላኖችን በ1/72 ልኬት እንዲሠሩ ጠየቀ። ሞዴሎቹ ጥቁር ተቀብተው ለወታደሮች ማሠልጠኛ ተሰጡ፤ ወታደሩ በሰማይ ላይ የሚያየው ጥላ የወዳጅ ይሁን የጠላት በቅርጹ እንዲለይ። ትንሿ የእንጨት አውሮፕላን ዓይን ማስተማሪያ ሆነች።

ከጦርነቱ በኋላ ፕላስቲክ ረከሰ። እ.ኤ.አ. በ1939 የተመሠረተው ኤርፊክስ በ1949 የፈርጉሰን ትራክተር ሞዴል ሠራ፤ በ1953 የስፒትፋየር ተዋጊ አውሮፕላንን አወጣ። በላስቲክ ከረጢት የታሸጉት የኤርፊክስ ሞዴሎች ልጅ በኪስ ገንዘቡ ሊገዛቸው በሚችለው በሁለት ሺሊንግ ይሸጡ ነበር። በአሜሪካ ሬቬልና ሞኖግራም ተነሡ። በጃፓን ሺዙኦካ ከእንጨት ንግድ የተነሣው ታሚያ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻ ወደ ፕላስቲክ ዞረ፤ ዛሬ በጥራቱ ስሙ የታወቀ ነው።

አሠራሩ ቀላል ይመስላል። የቀለጠ ፕላስቲክ በብረት ቅርጽ ውስጥ በኃይል ይገፋል፤ ክፍሎቹ እንደ ወይን ዘለላ በአንድ ግንድ ላይ ተያይዘው ይወጣሉ። ማጣበቂያው ሁለቱን ጠርዞች ጥቂት አቅልጦ አንድ አካል ያደርጋቸዋል። ከዚያ ብርጭቆ ወረቀት፣ ቀለም፣ በውሃ ተነክሮ የሚለጠፍ ምልክት። ውዱ ነገር የብረት ቅርጹ ነው። ስለዚህ ኩባንያው ብዙ ገዢ ያለውን አውሮፕላን ይመርጣል፤ ብዙ ገዢ ያለው ደግሞ የሀብታሞቹ አገሮች ትዝታ ነው። የማን ትዝታ በሳጥን ታሽጎ እንደሚሸጥ የወሰነው ይህ ነው።

የመቀሌ ሰማይ

ለእንግሊዙ ልጅ ብሪስቶል ብሌንሃይም አገሩን የተከላከለ አውሮፕላን ነው። ኤርፊክስም ሠርቶታል፤ በ1/72 ልኬት ክንፉ 24 ሳንቲ ሜትር ያህላል። ለመቀሌ ግን ብሌንሃይም ሌላ ነገር ነው። በመስከረም 1936 ዓ.ም. የመጨረሻ ቀናት፣ የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት በትግራይ የተነሣውን የቀዳማይ ወያነን አመፅ ለመደምሰስ የእንግሊዝን እርዳታ በጠየቀ ጊዜ፣ ከኤደን የተነሡ ብሌንሃይሞች መቀሌን ደበደቡ። ያደግሁበት ሰፈር ስሙን የወሰደው ከዚያ አመፅ ነው።

የመጀመሪያዎቹም አልነበሩም። በጥቅምት 1928 መጨረሻ የጣሊያን ጦር መቀሌን ሲይዝ አውሮፕላን አብሮት መጣ፤ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ በተከዜና በተምቤን የመርዝ ጋዝ ከሰማይ ወረደ። ሰኔ 15 ቀን 1980 የደርግ ሚጎች የሐውዜንን ገበያ ደበደቡ፤ ወደ 2,500 የሚጠጋ ሰው እንደሞተ ይነገራል። ግንቦት 28 ቀን 1990 ጣሊያን ሠራሽ የኤርትራ ኤምቢ-339 ጄቶች በመቀሌ ዓይደር ትምህርት ቤትና አካባቢውን መቱ፤ 12 ተማሪዎችን ጨምሮ 53 ሲቪሎች ተገደሉ፣ 185 ቆሰሉ። በነሐሴ 2014 ደግሞ፣ በትግራይ ጦርነት ወቅት፣ በከተማዋ አንድ የሕፃናት መዋያ በአየር ጥቃት ተመታ፤ ከሞቱት መካከል ሕፃናት ነበሩ።

በትግርኛ አውሮፕላን ነፋሪት ናት። ቃሏ ውብ ናት፤ ከላይ የዘረዘርኩት ሁሉ ግን በዚች ቃል ውስጥ ተቀምጧል። በሌላ አገር ልጅ የአውሮፕላንን ዓይነት ከሳጥን ላይ ሥዕል ሲለይ፣ የእኛ ከተማ ልጅ በድምፅ ይለይ ነበር፤ ድምፁን የሰማው ሁሉ ደግሞ ይሮጣል እንጂ ቀና ብሎ አያይም። በሰፈራችን ትልልቆቹ የነገሩን አንድ ምልክት ግን ነበር፦ ሰው የምትጭነው ነፋሪት በጎኗ መስኮት አላት፤ ቦምብ የምትጥለው የላትም።

ኤምቢ-339 ከአፍንጫው እስከ ጭራው 11 ሜትር ያህል ነው። በ1/72 ሲሠራ 15 ሳንቲ ሜትር ይሆናል፤ መዳፍ ላይ ይቀመጣል። ይህን ቁጥር ወረቀት ላይ ያሰላሁ ቀን ብዙ አሰብኩ። አንድን ከተማ ለዘመናት ያሸበረ ነገር መዳፍ ላይ ሲቀመጥ ያጠፋው ሕይወት አይመለስም። የያዘው ሰው ግን ሆዱንም ጀርባውንም ያያል። ክንፍ፣ ሞተር፣ መቀመጫ እንዳለው ያያል፤ ሰው የሠራው ነገር መሆኑን ይረዳል። ሰው የሠራውን ደግሞ ሰው ሊያውቀው፣ ሊሠራው፣ ለሌላ ዓላማም ሊያውለው ይችላል።

የራሳችን ክንፎች

በኢትዮጵያ ምድር የመጀመሪያው አውሮፕላን ያረፈው ነሐሴ 12 ቀን 1921 በአዲስ አበባ ነው፤ አንድሬ ማዬ የተባለ ፈረንሳዊ ያበረረው ፖቴዝ 25። ብዙም ሳይቆይ አስፋው ዓሊና ሚሽካ ባቢቼፍ የአገሪቱ የመጀመሪያ አብራሪዎች ሆኑ። በ1928፣ የጣሊያን አውሮፕላኖች ትግራይን በሚደበድቡበት በዚያው ሰሞን፣ ጀርመናዊው መሐንዲስ ሉድቪግ ቬበር አዲስ አበባ ላይ የሠራት «ኢትዮጵያ 1» በረረች። በንጉሠ ነገሥቱ ልጅ በልዕልት ፀሐይ ስም ፀሐይ ተባለች። ወራሪው ማርኮ ወሰዳት፤ በቪኛ ዲ ቫሌ የጣሊያን አየር ኃይል ሙዚየም ለአሥርት ዓመታት ቆይታ በ2016 ወደ አገሯ ተመለሰች።

ለሞዴል ሠሪ ከፀሐይ የተሻለ ርዕስ ከየት ይገኛል? ትንሽ ናት፣ አንድ ሞተር አላት፣ በካርቶንና በስስ እንጨት ልትሠራ ትችላለች። ፎቶግራፎቿ አሉ፤ አካሏም አገር ቤት ገብቷል። አንድ የመቀሌ ተማሪ ፀሐይን በ1/24 ቢሠራት ስለ 1928 ጦርነት ከብዙ ገጽ የበለጠ ይማራል፤ በአንድ ሰማይ ሥር አንደኛው ወገን ሊገድል ሲበር ሌላው ሊማር ይበር እንደነበር በእጁ ይረዳዋል።

በእጅ ሠርቶ የመማር ፍላጎት እስከ የት እንደሚደርስ ያሳየን ደግሞ አስመላሽ ዘፈሩ ነው። አብራሪ የመሆን ሕልሙ ሳይሳካ ሲቀር ከመጻሕፍትና ከዩቲዩብ ተምሮ፣ የአሮጌ ቮልስዋገን ሞተር ገጥሞ፣ ሰው የምትጭን አውሮፕላን ሠራ። ኬ-570ኤ አላት፤ «ኬ» የእናቱ የኪሮስ ስም መነሻ ነው፣ 570 ደግሞ ሥራው የወሰደው ቀን። በ2007 ባደረገው ሙከራ ከመሬት አልተነሣችም። እኔ ግን በልጅነቱ ከአጥር ሽቦ ያቃና ሁሉ የዚህን ሰው 570 ቀናት በሚገባ ያውቃቸዋል ብዬ አምናለሁ።

ላሜራና ቅጥቅጥ

የሽቦ መኪና ስንሠራ የተማርነው ቅርጽ ብቻ አልነበረም፤ ቋንቋም ነው። ኮፈኖ፣ ፓራፋንጎ፣ ባሌስትራ፣ ፍሪሲዮን፣ ካንዴላ፣ ላሜራ፣ የያዝነው ፒንሳም ጭምር ከጣሊያንኛ የወረስናቸው ናቸው። መኪናው ከውጭ፣ ቃሉ ከወራሪ ጋር መጣ። ጋራዡ ግን ሁለቱንም የራሱ አደረጋቸው። የአይሱዙ ሻንሲ ላይ ላሜራ በመዶሻ እየመታ የሕዝብ ማመላለሻ የሚያደርገው የአገራችን ባለሙያ ሥራውን «ቅጥቅጥ» አስባለ፤ ስሙ አሠራሩን ይናገራል። አንዱ ቅጥቅጥ ከሌላው በመስኮቱ፣ በመብራቱ፣ በቀለሙ ይለያል። ልጆችም ልዩነቱን በሽቦ ይገለብጡታል።

በመቀሌ ከ1985 ጀምሮ የቆየው መስፍን ኢንዱስትሪያል ኢንጂነሪንግ ተሳቢዎችን ሲሠራ ኖሮ፣ በ2008 ከፈረንሳዩ ፔዦ ጋር መኪና ወደ መገጣጠም ገባ። ክፍሎቹ ተለያይተው በሣጥን ይመጡ፣ በቅደም ተከተል ይገጠሙ፣ መጨረሻ ላይ መኪና ይወጣ ነበር። ይህ የሞዴል ሥራ ነው፤ ልዩነቱ ልኬቱ 1/1 መሆኑ ነው። በትግራይ ጦርነት ፋብሪካው ክፉኛ ተጎዳ። የሚገጣጥም እጅ ግን የሚሠራው በፋብሪካ ብቻ አይደለም፤ በስምንት ዓመቱ የጎማውን ክብነት በብርጭቆ ስባሪ ያስተካከለ ልጅ ዘንድ ይጀምራል።

ለዚህ ነው አንድ ነገር አጥብቄ የምጠይቀው፦ እነዚህ ሥራዎች ይሰብሰቡ። ሌላው ዓለም ያልተከፈቱ የድሮ ሞዴል ሳጥኖችን ሳይቀር እንደ ቅርስ ይይዛል። የእኛ ሽቦ ይዝጋል፣ ጭቃው ይፈርሳል፣ እናት ቤት ስታጸዳ ይጣላል። የእኔን ኤንትሬ ዝናብ በላት፤ አንድ ፎቶግራፍ እንኳ የላትም። በየዘመኑ ልጆች የትኛውን መኪና፣ የትኛውን አውሮፕላን ለመሥራት እንደመረጡ ቢቀመጥልን ኖሮ የከተማዋን ታሪክ በልጅ ዓይን እናነበው ነበር። በመቀሌው የአፄ ዮሐንስ ቤተ መንግሥት ለነገሥታት ዕቃ ቦታ እንደተሰጠ ሁሉ፣ ለሽቦ መኪናም አንድ መደርደሪያ አይበዛበትም። ትምህርት ቤቶችም ለሒሳብ ሬሾ ከዚህ የተሻለ መምህር አያገኙም፤ 1/72 ማለት ምን እንደሆነ በእጁ የለካ ልጅ አይረሳውም።

ታኅሣሥ 19

ታኅሣሥ 19 ቀን 2015፣ ጦርነቱን ካቆመው የፕሪቶሪያ ስምምነት በኋላ፣ የኢትዮጵያ አየር መንገድ የመንገደኞች በረራ ከ18 ወራት ገደማ መቋረጥ በኋላ ወደ መቀሌ ተመለሰ። በአሉላ አባ ነጋ አውሮፕላን ማረፊያ ሰዎች መሬት ተደፍተው ሳሙ፣ ተቃቅፈው አለቀሱ። ያቺ ቀን ነፋሪት የሚለውን ቃል ከፍርሃቱ ጥቂት አላቀቀችው።

ባለፈው ክረምት የእህቴ ልጅ ከሃይላንድ ጠርሙስ አውሮፕላን ሲሠራ አገኘሁት። ዐሥር ዓመቱ ነው፤ ጦርነቱን ከአልጋ ሥር ሆኖ ያሳለፈ ልጅ ነው። ክንፉን ከካርቶን ቆርጦ በማስቲሽ አጣብቋል፤ ጭራውን አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ ቀብቷል። በጎኑ በእስክሪብቶ መስኮት መሣል ጀምሮ አቆመ። «አጎቴ፣ ስንት ናቸው?» አለኝ። እኔም አላውቅም ነበር።

ከቤት ወጥተን ግቢው ውስጥ ጠበቅን። አውሮፕላን ማረፊያው ካለበት ከኩሃ በኩል ድምፅ ተሰማ። ትከሻው ጠበበ፣ አንገቱ ወደ ውስጥ ገባ፤ ሰውነቱ የለመደው እሱን ነው። ከዚያ ግን በእጁ ያለውን ጠርሙስ አስታወሰና ቀና አለ። አውሮፕላኗ ለማረፍ ዝቅ እያለች ስታልፍ በጣቱ እየጠቆመ መስኮቶቿን ይቆጥር ጀመር። ሳይጨርስ አለፈችው። «ነገም ትመጣለች አይደል?» አለኝ። ትመጣለች አልኩት። እስክሪብቶውን ከድኖ ጠርሙሱን መስኮት ደፍ ላይ አስቀመጠው፤ ለነገ።