በሲኒማና በቴሌቪዥን የወንጀል ታሪክ ስለ ላቲን አሜሪካ ሰዎች ምስልና ስለ ተመልካቾች ሙግት

የሲኒማ ሥራ በሰሜን አሜሪካ ገና ጀማሪ በነበረበት ዘመን፥ ወንበዴ ሆኖ የሚታይ ሰው ባስፈለገ ጊዜ የሚመረጠው ብዙውን ጊዜ የሜክሲኮ ሰው ነበረ። ይህም ሰው «ግሪዘር» ይባል ነበር፤ ትርጓሜው «ቅባታም» ማለት ነው። ስድቡ በሹክሹክታ የሚነገር አልነበረም፤ በ1914 ዓ.ም. የወጣው «የግሪዘሩ በቀል» የተባለው ፊልም በአርእስቱ ላይ በግልጥ ጽፎታል። (በዚህ ጽሕፈት ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።) የዚያ ዘመን ግሪዘር ጩቤ ይዞ ያደባል፥ ይሰርቃል፥ ሴት ይጠልፋል፥ በመጨረሻም በነጩ ፈረሰኛ ጥይት ይወድቃል፤ ብዙ ጊዜም ስም እንኳ አልነበረውም።

የሜክሲኮ ሰዎች ይህን ምስል በወሬ ብቻ የሰሙት አይደለም። ያው ፊልም ድንበር ተሻግሮ በገዛ ከተማቸው ይታይ ነበርና፥ ለስድባቸው የመግቢያ ዋጋ ይከፍሉ ነበር ማለት ነው። ስለዚህ በ1922 ዓ.ም. የፕሬዚዳንት አልቫሮ ኦብሬጎን መንግሥት ብልህ የሆነ እገዳ አደረገ። ሜክሲኮን የሚያዋርድ ፊልም የሠራ ኩባንያ፥ ያ አንዱ ፊልም ብቻ ሳይሆን የሠራቸው ሁሉ ወደ አገሩ እንዳይገቡ ተከለከሉ። ክብር ያልገባው ነጋዴ ኪሳራ ይገባዋልና፥ የኩባንያዎቹ ማኅበር አለቃ ዊል ሄይስ ከሜክሲኮ መንግሥት ጋራ ወደ መነጋገር መጣ። በ1930 ዓ.ም. በወጣው የፊልም ሠሪዎች ደንብ ውስጥም፥ የሌላው አገር ታሪክና ዜጋ በቅንነት እንዲታይ የሚያዝ ቃል ገባ። ዳሩ ግን ደንቡ ወንበዴውን አላጠፋውም። ጸሐፊዎቹ በካርታ ላይ የማይገኝ አገር ፈጥረው ያንኑ ሰው በዚያ አኖሩት።

ከዚያ በኋላ ያለው ሙግት ከመንግሥት እጅ ወጥቶ ወደ ከተማ ሰዎች እጅ ገባ። በ1980 ዓ.ም. ከማሪዬል ወደብ 125,000 ያህል የኩባ ስደተኞች ወደ ፍሎሪዳ ተሻገሩ። ከነርሱ እስረኞች የነበሩት ጥቂቶች ሲሆኑ፥ የሁሉም ስም በጥቂቶቹ ተጠራ። «ስካርፌስ» የተባለው ፊልም ከነዚያ ስደተኞች አንዱን የኮኬይን ነጋዴና ነፍሰ ገዳይ አድርጎ ሊያሳይ በተነሣ ጊዜ፥ የማያሚ ኩባውያን አጥብቀው ተቃወሙ፤ ሥራውም በአብዛኛው ወደ ሎስ አንጀለስ ተዛወረ። ፊልሙ በ1983 ዓ.ም. ሲወጣ፥ ታሪኩ የኩባ ስደተኞችን ሁሉ እንደማይመለከት የሚገልጥ ማስታወቂያ በመጨረሻው ላይ ተጨመረበት። ሦስት ሰዓት ያህል የተቀመጠ ተመልካች ግን ከወንበሩ እየተነሣ ሳለ የሚታየውን ጽሕፈት ምን ያህል ያነበዋል? በሚከተለው ዓመት «ማያሚ ቫይስ» የሚባለው የቴሌቪዥን ተከታታይ ድራማ ሲጀመር፥ ኤድዋርድ ጄምስ ኦልሞስ መቶ አለቃ ካስቲዮ የሚባለውን ዝምተኛና ጥብቅ የፖሊስ ሹም ሆኖ ተጫወተ፤ በ1985 ዓ.ም. የኤሚ ሽልማት ተቀበለበት። ካስቲዮ ከብዙ ማስታወቂያ ይልቅ ጠቅሟል፤ ነገር ግን እርሱ አንድ ነበረ፥ በየሳምንቱ የሚታደኑት ብዙ ነበሩ።

ነገሩ ከሁሉ ይልቅ የከበደው በኮሎምቢያ ነው፤ በዚያ ድራማው የሚተርከው የተመልካቾቹን የራሳቸውን ሐዘን ነበርና። ፓብሎ ኤስኮባር በታኅሣሥ 1993 ዓ.ም. በመዴሊን እስኪገደል ድረስ፥ እርሱና ባልደረቦቹ በ1984 የፍትሕ ሚኒስትሩን ሮድሪጎ ላራ ቦኒያን፥ በ1986 «ኤል ኤስፔክታዶር» የተባለውን ጋዜጣ ይመራ የነበረውን ጊዬርሞ ካኖን፥ በ1989 ለፕሬዚዳንትነት ይወዳደር የነበረውን ሉዊስ ካርሎስ ጋላንን አስገደሉ። በዚያው ዓመት በኅዳር ወር በአንድ አውሮፕላን ላይ ቦምብ አፈንድተው ተሳፋሪዎቹን በሙሉ 107 ሰዎች፥ በምድርም ላይ 3 ሰዎች ፈጁ።

በ2012 ዓ.ም. «ካራኮል» የሚባለው የኮሎምቢያ ቴሌቪዥን ይህን ታሪክ በተከታታይ ድራማ አቀረበ። ሥራውን ያመነጩት ካሚሎ ካኖና ሁዋና ኡሪቤ ናቸው፤ እርሱ የተገደለው ጋዜጠኛ ልጅ ነው፥ እርሷም የጋላን ሚስት የእኅት ልጅ ናት፤ እናቷም ራሷ በ1990 በኤስኮባር ሰዎች ተጠልፋ ወራት ታስራለች። ከሥራቸው አንድ ነገር ልብ ሊባል ይገባዋል። የተገደሉት ታላላቅ ሰዎች በእውነተኛ ስማቸው ተጠሩ፥ ከቤተ ሰባቸው ጋራም በማዕድ ተቀምጠው ታዩ፤ ከገዳዩ ባልደረቦች የብዙዎቹ ስም ግን ተለወጠ። የሲኒማ ወንበዴ ስም ሲያተርፍና ሟቹ ያለ ስም ሲወድቅ ለኖረበት ልማድ ይህ ብርቱ መልስ ነው።

ሆኖም ሕዝቡ አንድ ቃል አልሆነም። ብዙዎች በየማታው በጉጉት ተመለከቱት፤ ሌሎች ግን ነፍሰ ገዳይ በየማታው ወደ ሳሎን ሲገባ ውሎ አድሮ ዘመድ ይሆናል ብለው ሰጉ። ስጋታቸውም ከንቱ አልነበረም፤ በመዴሊን ድሆች ሰፈሮች ልጆች የድራማውን ሥዕሎች እየገዙ የሚለጥፉበት አልበም ሲሸጥ ተገኝቷል።

ሦስት ዓመት ቈይቶ «ኔትፍሊክስ» «ናርኮስ» የተባለውን አወጣ። ይህኛው በኮሎምቢያ ምድር ቢቀረጽም፥ ተራኪው የአሜሪካ የዕፅ ቍጥጥር ወኪል ነው፤ ኤስኮባርን የተጫወተው ዋግነር ሞራ ብራዚላዊ ሲሆን ስፓንኛን የተማረው ለዚሁ ሥራ ነው። ሚስቱ ሆና የተጫወተችው ሜክሲኳዊት፥ ከአሜሪካ ወኪሎች አንዱን የተጫወተው የቺሌ ተወላጅ ነበረ። የሌላ አገር ተመልካች ይህን ሁሉ አንድ ስፓንኛ አድርጎ ሰማው፤ በመዴሊን ያለው ሰው ግን ገና በመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ሳቀ፥ ቀጥሎም ተቈጣ። የዚያ አገር ሰው በአነጋገሩ ቃናና «አንተ» በሚልበት ቃል ጭምር ይታወቃል። ይህን ቅሬታ ጥቃቅን ነገር ነው ብለው የናቁ አሉ፤ ነገር ግን ሐዘንተኛ የሟቹ ድምፅ በባዕድ አንደበት ሲነገር ቢከፋው ምን ያስደንቃል? ደግሞም በታኅሣሥ 2016 በማድሪድ አደባባይ የኤስኮባርን ምስል ከነጭ የገና በዓል ጋራ አያይዞ በኮኬይን የሚቀልድ ትልቅ ማስታወቂያ በተሰቀለ ጊዜ፥ የኮሎምቢያ መንግሥት እንዲወርድ ጠየቀ።

ኤስኮባር በመዴሊን ያሠራው ሞናኮ የሚባለው ሕንጻ በነዚህ ዓመታት የባዕዳን ጐብኚዎች መመላለሻ ሆኖ ነበር። የከተማው ሹም ፌዴሪኮ ጉቲዬሬስ ጐብኚዎቹ የገዳዩን ዝና እንጂ የሟቾቹን ታሪክ አይሰሙም እያለ ይከራከር ነበርና፥ በየካቲት 22 ቀን 2019 ዓ.ም. ፕሬዚዳንት ኢቫን ዱኬና የተጎጂዎቹ ቤተ ሰቦች በተገኙበት ሕንጻው በፈንጂ ፈረሰ። በስፍራውም ለተገደሉት መታሰቢያ የሚሆን መናፈሻ ተሠራ።