ቅርጽና ጣዕም፦ ከሲጋር እስከ ጋያ፣ የማጨሻ ዕቃ እንደ ታሪክ ምንጭ

(በደሴ የተሰጠ ሕዝባዊ ንግግር፤ ለንባብ እንዲመች መጠነኛ እርማት ተደርጎበታል።)



የዛሬው ጥያቄዬ አጭር ነው። አንድ ዓይነት ቅጠል በተለያዩ ዕቃዎች ሲጨስ ጣዕሙ ለምን ይለያያል? ይህስ ለታሪክ ተማሪ ምን ይፈይዳል? የመጀመሪያው ጥያቄ ለፊዚክስና ለኬሚስትሪ የሚተው ይመስላል። ይሁንና ዕቃ የሠሪውን ልማድ፣ የንግዱን መንገድና የዘመኑን ሕግ በቅርጹ ይዞ ስለሚቆይ፣ ጉዳዩ የእኛም ነው እላለሁ።

ነገሩ በይበልጥ ከተጠናበት ከሲጋር እንነሣ። የሲጋር ውፍረት የሚለካው በኢንች 64ኛ ክፍልፋይ ነው፤ መለኪያው 32 ከሆነ ግማሽ ኢንች፣ 64 ከሆነ አንድ ሙሉ ኢንች ማለት ነው። ሲጋር የውስጥ ሙሌትና የውጭ መጠቅለያ ቅጠል አለው። ውፍረቱ በእጥፍ ሲጨምር ዙሪያው በእጥፍ፣ የውስጥ ስፋቱ ግን በአራት እጥፍ ያድጋል። በዚህም ምክንያት በቀጭኑ ሲጋር የመጠቅለያው ድርሻ ከወፍራሙ እጥፍ ስለሚሆን፣ የመጠቅለያው ጣዕም በቀጭኑ ይጎላል፤ በወፍራሙ የሙሌቱ ቅይጥ ያይላል። ወፍራሙ ቀስ ብሎና ቀዝቀዝ ብሎ ይነዳል፤ ቀጭኑ ቶሎ ቶሎ ከተሳበ ይግልና ይመራል። ርዝመቱም የራሱ ሥራ አለው፤ ጭሱ በረጅም ቅጠል ውስጥ ሲያልፍ ይቀዘቅዛል፣ ከያዘውም ቅሪት ከፊሉን በመንገዱ ይተዋል። ሲጋሩ እያጠረ ሲሄድ ጣዕሙ የሚበረታው ይህ የተጠራቀመ ቅሪት ስለሚነድ ነው። በ1928 ዓ.ም. ደሴን የያዘው የጣሊያን ጦር አገር የምትታወቅበት ቶስካኖ የተባለው ሲጋር ደግሞ ወገቡ ወፍሮ ሁለቱም ጫፎቹ የቀጠኑ በመሆኑ፣ እሳቱ ወደ መሐል በተጠጋ ቁጥር ጣዕሙ ይለዋወጣል።

በእኛ አገር ግን ቅርጽና ጣዕም የተገናኙበት ዋናው ዕቃ ጋያ ነው። ጋያ ውኃ የያዘ ቅል፣ የሸክላ ራስና መቃ ነው። ትምባሆው በሸክላው ራስ ላይ ሆኖ በፍም ይነዳል፤ ጭሱ በመቃው ወርዶ በውኃው ውስጥ ካለፈ በኋላ ወደ አፍ ይሳባል። ሲጋር በርዝመቱ የሚያደርገውን ማቀዝቀዝ ጋያ በውኃው ያደርገዋል። ይህ ዕቃ ከቀይ ባሕር ማዶ ዘመድ አለው። ናርጊሌ የሚለው ስም ኮኮናት ከሚለው የፋርስ ቃል የመጣ ሲሆን፣ የዕቃው ሆድ በመጀመሪያ የኮኮናት ቅርፊት እንደነበረ ይመሰክራል። ኮኮናት በማይበቅልበት የእኛ ደጋ የዚያን ቦታ የያዘው ቅል ነው።

ከዚህ ላይ አንድ የዘመን አቆጣጠር ችግር ይነሣል። ትምባሆ የአሜሪካ ተክል ነው፤ ከ1492 እ.ኤ.አ. በፊት በአፍሪካ ሊገኝ አይችልም። ነገር ግን ከጣና ሐይቅ በስተምሥራቅ በሚገኘው የላሊበላ ዋሻ (ከላሊበላ ከተማ ጋር አይምታታብን) በተደረገ ቁፋሮ የሸክላ ጋያ ራሶች ተገኝተዋል። ዕድሜያቸው በራዲዮካርቦን ልኬት ወደ 1320 እ.ኤ.አ. ገደማ፣ 80 ዓመት ወዲህ ወይም ወዲያ፣ ተገምቷል፤ በቅሪታቸው ላይ በተደረገ የኬሚካል ምርመራም የካናቢስ ምልክት እንደተገኘ ቫን ደር ሜርወ እ.ኤ.አ. በ1975 አሳትሟል። ግምቱ ትክክል ከሆነ ዕቃው ትምባሆን ቢያንስ በአንድ ምዕተ ዓመት ይቀድማል። ትምባሆ ወደ አገራችን ሲገባ የተቀበለው ባዶ ቤት አልነበረም፤ ተሠርቶ የቆየ ዕቃ ጠበቀው፤ የጭሱንም ጣዕም የወሰነው ከቅጠሉ ጋር የመጣ ሳይሆን አስቀድሞ የነበረ ቅርጽ ነው። «ትምባሆ መቼ ገባ?» ብቻ ብሎ የሚጠይቅ ተመራማሪ ይህንን ያጣል።

ወደ ወሎ እንመለስ። ከዚህ ከተማ አጠገብ ባለው ቦሩ ሜዳ በ1870 ዓ.ም. የተደረገው ጉባኤ በሃይማኖት ክርክሩ ይታወቃል፤ የወሎ ሙስሊሞች በግድ እንዲጠመቁ ለተላለፈው ውሳኔም በር ከፍቷል። ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ትምባሆንም ከልክለው ነበር። የዘመኑ ተጓዦች እንደጻፉት ቅጣቱ የሚያጨሰውን ከንፈር፣ ሱረት የሚስበውን አፍንጫ መቁረጥ ነበር። ቅጣቱ ትምባሆው በገባበት የሰውነት ክፍል እንደሚለይ ልብ በሉ፤ ሕጉ ራሱ የአወሳሰዱን ቅርጽ ተከትሏል። በክርስቲያኑ ደጋ ትምባሆ የሙስሊምና የኦሮሞ ልማድ ተደርጎ ይታይ ስለነበር፣ ክልከላው ከወሎው የሃይማኖት ፖሊሲ ተነጥሎ ሊነበብ አይገባውም። ሆኖም ነገሩን የክርስቲያንና የሙስሊም ጠብ ብቻ አድርገን እንዳናቀለው፤ በእስልምና ሊቃውንት መካከልም ትምባሆ ከ17ኛው ምዕተ ዓመት ጀምሮ ሲያከራክር ኖሯል።

ጋያን ያዳከመው ግን ከክልከላው ይልቅ ሌላ ቅርጽ ነው፤ ሲጋራ። እ.ኤ.አ. በ1942 የትምባሆ ሞኖፖል ተቋቋመ። በ2016 የጃፓኑ ኩባንያ ጄቲአይ ከድርጅቱ 40 በመቶውን በ510 ሚሊዮን ዶላር ገዛ፤ በቀጣዩ ዓመት ድርሻውን ወደ 71 በመቶ ገደማ አሳደገ። ሲጋራ ጋያን የተካው በምቾቱ ብቻ አይደለም። በሙቅ አየር የደረቀ የሲጋራ ትምባሆ ጭስ አሲዳማ ስለሆነ ኒኮቲኑ በሚገባ የሚሰርጸው ወደ ሳንባ ሲሳብ ነው፤ የሲጋር ጭስ ግን አልካላይን በመሆኑ በአፍ ውስጥ ብቻ ሊሰርጽ ይችላል። የአንዱ ቅርጽ መለወጥ የሰውን አተነፋፈስ ለወጠ ማለት ነው።

ይህን ስናገር ማንንም ወደ ጭስ እየጋበዝኩ አይደለም። ቅርጽ ጣዕምን ይለውጣል፤ ጉዳትን ግን አያስቀርም። ውኃው ጭሱን ያለሰልሰዋል እንጂ ካርቦን ሞኖክሳይዱን አያስቀረውም፤ እንዲያውም የለሰለሰ ጭስ በጥልቀት ለመሳብ ይመቻል። ጣዕም ማሳመሪያ ያለውን ትምባሆ የከለከለው አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ይህንኑ የተረዳ ይመስላል፤ ጣዕም ለጀማሪው የመግቢያ በር ነውና።

ልማዱ ቢጠፋ የሚቆጨኝ አይደለሁም። የሚያሳስበኝ ዕቃው ሳይመዘገብ መጥፋቱ ነው። በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ወቅት የደሴ ሙዚየም ሲዘረፍ፣ ያልተለካና ያልተመዘገበ ዕቃ አንዴ ከጠፋ ማስረጃነቱም አብሮት እንደሚጠፋ አይተናል። ስለዚህ የታሪክ ተማሪዎች ከኮምቦልቻ የምህንድስናና የኬሚስትሪ ባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው በየቤቱ የቀረውን ጋያ እንዲለኩ፣ የቅሉን ይዘት፣ የመቃውን ርዝመት፣ የሸክላውን ራስ ስፋት እንዲመዘግቡ፣ በውስጡ የቀረውንም ጥላሸት ሳያጥቡ እንዲያስመረምሩ አደራ እላለሁ። የላሊበላ ዋሻን ታሪክ የነገረን ያልታጠበ ሸክላ ነው።