የማኅበር ማዕድ
ሥራ፣ ትምህርትና የጋራ ኑሮ በኢትዮጵያ ገዳማት

ከአዲስ አበባ ደቡባዊ ዳርቻ፣ ከቂሊንጦ ላይ ሆኖ ሰማዩ በጠራበት ቀን የአቃቂን ሜዳ ተሻግሮ ወደ ደቡብ ለሚመለከት ሰው፣ ከአድማሱ ላይ ብቻውን የቆመ ተራራ ይታየዋል። ይህ ተራራ ዝቋላ ነው። ከፍታው 3,000 ሜትር ገደማ የሚደርሰው ይህ የጠፋ እሳተ ገሞራ በአናቱ ላይ ሐይቅ፣ በሐይቁ አጠገብም አቦ እየተባለ በሚጠራው በአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ስም የተመሠረተ ጥንታዊ ገዳም ይዟል። ዝናው ከአገር አልፎ ስለ ነበር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1450ዎቹ ገደማ ቬኒስ ውስጥ ፍራ ማውሮ የተባለው መነኩሴ በሣለው የዓለም ካርታ ላይ የተራራው ስም ሰፍሮ ይገኛል።

ከሜዳው ሆኖ ተራራውን ለሚያይ ገበሬም ሆነ ሠራተኛ አንድ ጥያቄ መምጣቱ አይቀርም። በዚያ ከፍታ ላይ የሚኖሩት ሰዎች ቀኑን በምን ያሳልፉታል? ማን ያርሳል? ማን ይጋግራል? ማንስ ይበላል? ገዳምን ከዓለም የመሸሻ ሥፍራ ብቻ አድርጎ መመልከት የተለመደ ነው። ይሁን እንጂ የገዳማት ታሪክ በጥልቀት ሲመረመር፣ ገዳም አስቀድሞ የሰዎች ማኅበር፣ የሥራ ክፍፍል ያለው የጋራ ቤት መሆኑ ይገለጣል።

ይህም የአንድ ሃይማኖት ወይም የአንድ አገር ጠባይ ብቻ አይደለም። በደቡብ ምሥራቅ እስያ የሚገኙ የቡድሃ መነኮሳት ማለዳ ሳሕናቸውን ይዘው በመንደሩ መካከል በሰልፍ ያልፋሉ፤ ሕዝቡም ከቤቱ ያወጣውን ሩዝ ያካፍላቸዋል። በቻይና ግን በ8ኛውና በ9ኛው ምዕተ ዓመት መካከል የኖረው ባይጃንግ የተባለ መምህር መነኮሳት ሁሉ በእጃቸው እንዲሠሩ ያዘዘ መሆኑ ይተረካል። ባረጀ ጊዜ ደቀ መዛሙርቱ አዝነውለት መሣሪያውን ቢደብቁበት፣ ባልሠራበት ቀን እህል አልቀምስም ብሎ እንደ ተቀመጠ ይነገርለታል። የቡድሃው መነኩሴ በጥንቱ ሥርዓት ከቀትር በኋላ አይበላም፤ የኢትዮጵያው መነኩሴ ደግሞ በጾም ወራት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ድረስ አይበላም። ሰዓቱ ቢለያይም ሁለቱም ማዕድን በሥርዓት፣ ሥርዓትንም በማኅበር የሚጠብቁ ናቸው።

የኢትዮጵያ የጋራ ምንኩስና ምንጭ በ4ኛው ምዕተ ዓመት በግብፅ አባ ጳኩሚስ የመሠረተው ማኅበራዊ ሥርዓት ነው። ከእርሱ በፊት መነኮሳት በየዋሻቸው ለየብቻ ይኖሩ ነበር፤ ጳኩሚስ ግን በአንድ ግቢ፣ በአንድ ሕግና በአንድ ማዕድ ሰበሰባቸው። ሥርዓቱም ወደ ግዕዝ ተተርጉሟል። ዘጠኙ ቅዱሳን በመባል የሚታወቁት መነኮሳት በአክሱም መንግሥት ዘመን ገዳማትን ከመሠረቱ በኋላ፣ በ13ኛው ምዕተ ዓመት አባ ኢየሱስ ሞዐ በሐይቅ እስጢፋኖስ ያቋቋሙት ገዳም ለአዲስ ዘመን በር ከፈተ። ከዚያ የተማሩት አቡነ ተክለ ሃይማኖት በሸዋ ደብረ አስቦን መሠረቱ። ይህም ገዳም በ15ኛው ምዕተ ዓመት በአፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን ደብረ ሊባኖስ ተባለ።

ገዳማት በአኗኗራቸው በሁለት ይከፈላሉ። በቁሪት ገዳም መነኩሴው የተቆረጠለትን ድርሻ ተቀብሎ በየጎጆው ይኖራል። በአንድነት ገዳም ግን የግል ንብረት የለም፤ የሚመረተው ሁሉ ወደ አንድ ጎተራ ይገባል፤ የሚበላውም ከአንድ ማዕድ ነው። የማኅበሩ አባት አበምኔት ይባላል። መጋቢው የእህሉን ገቢና ወጪ ይቆጣጠራል፤ ገበዙ ቤተ ክርስቲያኑንና ንዋየ ቅድሳቱን ይጠብቃል። አርድእት የሚባሉት ጀማሪዎች ውኃ ይቀዳሉ፣ እንጨት ይፈልጣሉ፣ ይፈጫሉ፣ ይጋግራሉ። ወጣቱ ረድእ ቅናት ታጥቆ፣ ቆብ ደፍቶ፣ በመጨረሻም አስኬማ ለብሶ ወደ ሙሉ ማዕረግ የሚደርሰው በዚህ አገልግሎት ከተፈተነ በኋላ ነው።

የገዳሙ ቀን ገና ሌሊት ይጀምራል። በብዙ ጥንታውያን ገዳማት የተንጠለጠለው የድንጋይ ደወል ሲመታ ማኅበሩ ለጸሎት ይነሣል። ጎሕ ሲቀድ ጸሎቱ ያበቃል፤ ሥራው ይጀምራል። አንዱ ወደ እርሻ፣ አንዱ ወደ አትክልት፣ አንዱ ወደ ንብ ቀፎ፣ አንዱ ወደ ጽሕፈት ይሰማራል። መነኮሳይያት ጥጥ ይፈትላሉ፣ ሰፌድና ሙዳይ ይሰፋሉ። የማዕዱ ሰዓት ሲደርስ ዳቤው ወይም ንፍሮው ይታደላል። የበዛ ቢሆን ለሁሉ ይበዛል፤ ያነሰም ቢሆን ለሁሉ ያንሳል። ሽማግሌና ሕመምተኛ መሥራት ባይችሉም ድርሻቸው አይጓደልም።

ከዚህ የሥራ ቤት ከወጡት ፍሬዎች ሁሉ ዘላቂው መጽሐፍ ነው። ብራና ፋቂው የፍየሉን ቆዳ ዘፍዝፎ፣ በመወጠሪያ ላይ ወጥሮ፣ ፍቆና አለስልሶ ያዘጋጃል። ከአንድ ቆዳ የሚወጣው ጥቂት ቅጠል ብቻ በመሆኑ አንድ ትልቅ መጽሐፍ የብዙ ፍየሎችን ቆዳ ይፈጃል። ጸሐፊው በመቃ ብዕር ጥቁሩንና ቀዩን ቀለም እየቀያየረ ለወራት ይደክማል፤ ሠዓሊው ሐረጉንና ሥዕሉን ይጨምራል። አቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ሰውነታቸው በጠጉር ተሸፍኖ በአንበሶችና በነብሮች መካከል ቆመው የሚታዩበት ሥዕል በአገራችን ሥነ ሥዕል ከታወቁት አንዱ የሆነው በእነዚህ ባለሙያዎች እጅ ነው። በ1960ዎቹ አጋማሽ የተጀመረው የብራና መጻሕፍት የማይክሮፊልም ሥራ ከየገዳማቱና ከየአድባራቱ 9,000 ያህል መጻሕፍትን መቅረጹ የዚህን ድካም ስፋት ያሳያል።

ገዳሙ በአካባቢው ሕዝብ ኑሮ ውስጥ የነበረው ሥፍራም ሊታለፍ አይገባም። ከሩቅ አገር የመጣ የቆሎ ተማሪ አኮፋዳውን ይዞ በመንደሩ እየለመነ፣ በገዳሙ መምህር ሥር ዜማውንና ቅኔውን፣ የመጻሕፍት ትርጓሜውንም ይማር ነበር። መንገደኛ ያድራል፤ የተጣላ ይታረቃል። በዝቋላም በጥቅምት 5 እና በመጋቢት 5 በዓላት ከየአገሩ የሚመጣው ምእመን ተራራውን ይሞላዋል። በአካባቢው የሚኖረው የኦሮሞ ሕዝብም ተራራውንና ሐይቁን በራሱ ጥንታዊ ልማድ ሲያከብር ኖሯል።

ሆኖም ታሪክን አንድ ወገኑን ብቻ ማየት ተገቢ አይደለም። ነገሥታት ለታላላቅ ገዳማት ርስትና ጉልት በሰጡ መጠን፣ የጋራው ማዕድ ከመነኮሳቱ እጅ ይልቅ በገባሩ ላብ መሞላት ጀመረ። ከምድሩ ፍሬ ሲሶው ለነጋሽ፣ ሲሶው ለቀዳሽ፣ ሲሶው ለአራሽ ነው የሚለው የአገር አባባል የዚህ ሥርዓት ምስክር ነው። ይህን ተቃርኖ ያዩ ከገዳማቱ ከራሳቸው ወጥተዋል። በ14ኛው ምዕተ ዓመት የደብረ አስቦው አበምኔት አባ ፊልጶስ አፄ ዓምደ ጽዮንን በመገሠጻቸው ተሰድደዋል። በ15ኛው ምዕተ ዓመት የተነሡት የአባ እስጢፋኖስ ተከታዮች ደግሞ መነኩሴ ከእጁ ሥራ ሌላ የሚኖርበት ሊኖረው አይገባም በማለት የቤተ መንግሥትን ስጦታ አንቀበልም አሉ። ብዙ መከራ ደረሰባቸው፤ ነገር ግን ጉንዳ ጉንዲ በተባለው ገዳማቸው ያፈሩት የብራና ጥበብ እስከ ዛሬ ይደነቃል።

ገዳማት የጦርነትም ገፈት ቀማሽ ነበሩ። ደብረ ሊባኖስ በ1523 ዓ.ም. በኢማም አሕመድ ጦር ተቃጠለ። ከ400 ዓመታት በኋላ የፋሺስት ኢጣልያ ጦር፣ የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ ለተጣለው ቦምብ ብቀላ፣ በዚያው ዓመት ግንቦት የገዳሙን መነኮሳት ሰብስቦ ረሸነ። ቀኑ ግንቦት 12 የአቡነ ተክለ ሃይማኖት የፍልሰተ አጽም በዓል የሚከበርበት ስለ ነበር ለበዓል የመጣው እንግዳም አብሮ አለቀ። ፋሺስቶቹ ራሳቸው ያመኑት ቁጥር ከ400 በላይ ነው፤ በኋላ የተደረገ ጥናት ግን ሟቾቹን በሺህ ይቆጥራቸዋል። በዚያ ቀን የጠፋው የሰው ሕይወት ብቻ አልነበረም፤ ከሽማግሌ ወደ ረድእ በቃል ሲተላለፍ የኖረው ዕውቀትም ተቀበረ።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሲሆን የጉልቱ ዘመን አከተመ። ገባሩ ከግብር ነፃ ወጣ፤ ገዳማቱም ወደ ጥንቱ ጥያቄ ተመለሱ፤ ይኸውም ማኅበሩ በእጁ ሥራ ይኖራል ወይስ ይበተናል? የሚለው ነው። ጥቂት የማይባሉት በአትክልት፣ በንብ እርባታ፣ በሽመናና በምእመናን እርዳታ ጸንተው ቆይተዋል።

ዝቋላም ፈተናው አልቀረለትም። በመጋቢት 2004 ዓ.ም. የተራራው ደን በእሳት ሲያያዝ ከአዲስ አበባና ከደብረ ዘይት የተነሡ ወጣቶች ከመነኮሳቱና ከአካባቢው ነዋሪ ጋር ሆነው በቅጠልና በአፈር ተከላክለውታል። በየካቲት 2016 ዓ.ም. ደግሞ 4 የገዳሙ አባቶች ተገድለዋል። እንግዲህ የሚጠበቀው ቅርስ ብራናውና ሥዕሉ ብቻ አይደለም፤ ብራናውን የሚፍቀው እጅ፣ ደኑን የሚጠብቀው ዓይን፣ ማዕዱን የሚያካፍለው ማኅበርም ጭምር ነው።

ዛሬ የቂሊንጦ ሜዳ መልኩ ተለውጧል፤ እርሻው በነበረበት ቤትና ፋብሪካ ተተክሏል። ተራራው ግን ከአድማሱ ላይ አልተነሣም። በአናቱ ላይ ሌሊት ደወል ይመታል፤ ረድኡም ውኃ ሊቀዳ ይወርዳል።